ፎር ዊል የሌለው ፒክአፕና ትልቅ ጎማ

ሀዋሳ ውስጥ ዝቅ ያለ ፒክአፕ ያለው ሰው በልግ ሲገባ አንድ ሐሳብ ይይዘዋል። መኪናው ፎር ዊል አይደለም፤ የሚነዳው የኋላ ጎማው ብቻ ነው። ቁመቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ከአስፋልት ወርዶ ወደ ቀበሌ መንገድ ሲገባ ሆዱ መሬት ይነካል። ታዲያ ትልቅ ጎማ ቢገባለትስ?

እኔም ይህን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ይዤው ዞሬያለሁ። ጎሚስታ ጠይቄያለሁ፣ መካኒክ ጠይቄያለሁ፣ በሜትር ለክቻለሁ፣ ቁጭ ብዬ አስልቻለሁ። የደረስኩበትን ከመጀመሪያው ልናገር። በኋላ ጎማው ብቻ ለሚሄድና ቁመቱ ላልተነካ ፒክአፕ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጎማ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የምታወጡት ገንዘብ ወደ ቁመት ሳይሆን ወደ ጎማው ጥርስና ወደ መሸከም አቅሙ ይሂድ። ይህን የምለው መኪናው እንጀራው ለሆነ ሰው ነው። ለመልክ ብሎ ትልቅ ጎማ የሚያስገባ ሰው ሌላ ሂሳብ አለው፤ መብቱ ነው።

የኛ መኪና ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ነው። የእኔና የታላቅ ወንድሜ ነው። ቱርቦ የሌለው የ3 ሺህ ሲሲ ናፍጣ ሞተር አለው። ሥራው የታወቀ ነው። ከዳሌና ከአለታ ወንዶ ገበሬዎች አቮካዶ ያወጣል። ክረምት ሲቃረብ ደግሞ የቡና ችግኝ ያደርሳል። ከሀዋሳ እስከ ይርጋለም ያለው መንገድ አስፋልት ስለሆነ ምንም አይልም። ችግሩ የሚጀምረው ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ወደ እንሰቱና ወደ ቡናው መሃል ስንገባ ነው። የሲዳማን ቀይ አፈር የረገጠ ሰው ያውቀዋል። ደረቅ ሲሆን እሰይ የሚያሰኝ መንገድ ነው። አንድ ዶፍ ከወረደበት ግን ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ በጥርሱ መሃል ይሞላል፣ አዲሱም ጎማ እንደላጨ ጎማ ይሆናል።

በዚያ ላይ የአይሱዙ ቦይ አለ። ምርት የሚጭኑት የአይሱዙ የጭነት መኪኖች፣ ኤን ፒ አሮችና ኤፍ ኤስ አሮች፣ ጎማቸው ከኛው በጣም ይበልጣል። እነሱ ያለፉበት ጭቃ ግራና ቀኝ ጥልቅ ቦይ ይሆናል። መሃሉ ላይ ጉብታ ይቀራል። እነሱ ጉብታውን ሳይነኩ ያልፋሉ። የኛ መኪና ሲመጣ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም በኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለው ኃይል አከፋፋይ፣ ጉብታው ላይ ቁጭ ይላል። የኋላ ጎማዎቹ ክብደት አጥተው ባዶ ይሽከረከራሉ። ከዚያ በኋላ አካፋ፣ ድንጋይ፣ የእንሰት ቅጠል፣ የሰፈር ልጆች ግፊያ ነው። የዳሌ ሰው ቆሞ አያይም። ማሳውን ትቶ መጥቶ ይገፋል፣ ጭቃው ልብሱን ሲሸፍነው ምንም አይልም። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

እንግዲህ ችግሩ ዲፈረንሻሉ ላይ ከሆነ፣ የትልቅ ጎማ ሐሳብ መነሻው ትክክል ነው። ብዙ ሰው መኪናውን ከፍ ለማድረግ ባሌስትራ (የኋላውን ተደራራቢ የብረት ሞላ) ያስጨምራል፤ ወይም የፊቱን ሞላ በማስረዘሚያ ያስነሳል። በዚህ መንገድ ከፍ የሚለው ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም)፣ ጋቢናውና ካሶኒው (የጭነት ቦታው) ነው። ዲፈረንሻሉ ግን ከኋላ ጎማዎቹ ጋር በአንድ አክስል የታሰረ ነው። ባሌስትራው ላይ የፈለጋችሁትን ብትጨምሩ እሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ብዙ ብር አውጥቶ መኪናውን ያስነሳና እዚያው ጉብታ ላይ እንደገና ይቀመጣል።

ጥያቄው ምን ያህል ያርቀዋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሂሳብ ያስፈልጋል፤ ቀላል ነው። የኛ መኪና ጎማ ጎኑ ላይ 205/70 አር 15 ይላል። 205 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 ማለት የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። 15 ጎማው የሚገባበት ብረት፣ የቸርኬው፣ መጠን ነው፣ በኢንች። የ205 ሰባ በመቶ 143.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎን ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ 287። 15 ኢንች 381 ሚሊ ሜትር ነው። ሲደመር 668 ሚሊ ሜትር። ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ ያለው ቁመት ይህ ነው።

አሁን 235/75 አር 15 ውሰዱ። ፒክአፕ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመኘው መጠን ነው። በተመሳሳይ ስሌት 734 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከኛው በ6.6 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን ዲፈረንሻሉ የሚገኘው ጎማው መሃል ላይ ነው። ስለዚህ የሚያተርፈው የልዩነቱን ግማሽ ብቻ ነው፤ 3.3 ሴንቲ ሜትር። ወንድሜ የተመኘው ደግሞ ባለ 31 ኢንቹን ነው። እሱ 787 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ዲፈረንሻሉን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሳዋል። ስድስት ሴንቲ ሜትር የአይሱዙ ቦይ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። ወንድሜ የተመኘው በከንቱ አልነበረም።

ግን ባለ 31ዱ ከቸርኬው ጀምሮ እንቢ ይላል። ስፋቱ 10.5 ኢንች የሆነው የተለመደው ዓይነት ቢያንስ 7 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። የኛው 6 ኢንች ነው። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ መሃሉ ይነፋል፣ ጎኑ ይሸበሸባል፣ ጥርሱ መሃል መሃሉን ብቻ ይበላል። ከፎር ዊል ሃይሉክስ ላይ ቸርኬ አውልቆ መግጠምም አይሆንም። የፎር ዊሉ ቸርኬ የሚታሰረው በ6 ዳዶ (ብሎን) ነው፤ የኛ ዝቅተኛው ባለ 5 ነው። የዳዶዎቹ ክብም አንድ አይደለም።

መናኸሪያው አካባቢ የምንሄድባቸው አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ አሉ። ስለዚህ ነገር መጀመሪያ በቁም ነገር ያነጋገሩኝ እሳቸው ናቸው። "ጋሼ፣ 235 ይገባል?" አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡ መሪውን እስኪጨርስ አዙር አሉኝ። ወደ ግራ ጨረስኩ። ከዚያ የቀኙን የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ እንዳወጣው ነገሩኝ። የፊት እግሩ ተጨቆነ፣ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ ወደሚሸፍነው አካል) ገባ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በጎማውና በፕላስቲኩ መሃል አስገቡ። "ልጄ፣ ባዶ መኪና ቆሞ ሁሉም ጎማ ይገባል። ጭነህ፣ መሪ ጨርሰህ፣ ጉድጓድ ስትገባ ነው የሚታየው" አሉኝ። ይህን ሙከራ ለማንም እመክራለሁ። ገንዘብ አያስወጣም። ከየትኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ይናገራል።

የሚነካካበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መሪው ሲጨርስ የፊት ጎማው ኋለኛ ጠርዝ የጭቃ መከላከያውን ላስቲክና የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ይፍቃል። ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ የፊት መከላከያው ማዕዘን ይነካል። ፕላስቲኩን መቁረጥ ወይም በሙቀት መግፋት ይቻላል። ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለውን የብረት ስፌት መቀጥቀጥ ግን አልወደውም። ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ዝገት ይጀምራል። ሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ ዝገትን መጋበዝ ትርፍ የለውም።

አንዳንዱ ጎማው ወደ ውስጥ እንዳይነካ ቸርኬው ሥር ማስፊያ ያስገባል። ይህን በግልጽ እቃወማለሁ። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መሪ ሲታጠፍ የሚሠራው ክብ ይሰፋል። ስለዚህ ከውስጥ የዳነው ከውጭ ፓራፋንጎውን ይመታል። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል፣ መሪውም ይከብዳል። ጭቃውን አንስቶ በሩ ላይ የሚረጨውን ተዉት።

አሁን ከሁሉም በላይ ማውራት የምፈልገው ነገር ጋ ደረስኩ። ስለ ትልቅ ጎማ የሚያወራ ሰው ስለ ቁመት ያወራል፤ ስለ ማርሽ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ጎማ ሲያድግ ማርሹ ሁሉ አብሮ ይከብዳል። የኛ ኦሪጅናል ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.1 ሜትር ይሄዳል። 235/75ቱ 2.3 ሜትር ይሄዳል። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፣ ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) ያው ነው። በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ እንዲገፋ ስትጠይቁት የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ 9 በመቶ ያህል። በሌላ አነጋገር የዲፈረንሻሉ የማርሽ ጥምርታ 4.1 የነበረ መኪና 3.73 የገባለት ያህል ይሆናል። ባለ 31ዱ ላይ ቅነሳው 15 በመቶ ይደርሳል።

ባሕር ዳርቻ ያለ አገር ውስጥ ይህ ብዙ ላይሰማ ይችላል። እኛ ግን የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ሀዋሳ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን በራሱ ነው የሚስበው። በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ሐይቁ ዳር ቆሞ ሳለ እንኳ ከ15 በመቶ በላይ ጎድሎበታል ማለት ነው። ከአለታ ወንዶ ወደ ሃገረ ሰላም ስትወጡ 2,700 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። እዚያ ሞተሩ ሩብ ያህል ኃይሉን አጥቷል። በዚህ ላይ ባለ 31 ጎማ ጨምሩበት። ጎማው መሬት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ፋብሪካው ካሰበው ሦስት እጅ ወደ ሁለት እጅ ይወርዳል። ካሶኒው ሙሉ ችግኝ፣ መንገዱ ዳገት፣ ማርሹ አንደኛ።

ከአንደኛ በታች ደግሞ ማርሽ የለም። ፎር ዊል መኪናና የኛ መኪና የሚለያዩበት ትልቁ ቦታ ይህ ይመስለኛል። ፎር ዊሉ የፊት ጎማው ስለሚነዳ ብቻ አይደለም የሚበልጠን። ሎው የሚባል ረዳት ማርሽ አለው። ሃይሉክስ ላይ ሎው ሲገባ ኃይሉ 2.5 ጊዜ ገደማ ይባዛል። ስለዚህ ባለ ፎር ዊሉ ትልቅ ጎማ ቢያስገባ የጎደለበትን በሎው ያካክሳል። እኛ የምናካክሰው በፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከማርሹ በሚያገናኘውና በሚለየው ክፍል፣ ነው። ዳገት ላይ በትልቅ ጎማ ጭነን ስንነሳ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዘን እንቆያለን። ሽታው ጋቢና ውስጥ ይገባል። የፍሪሲዮን ዋጋና መኪናው ጋራዥ የሚቆምበት ቀን ሲደመር ያ ስድስት ሴንቲ ሜትር በጣም ውድ ይሆናል። ቱርቦ ያለው ሞተር ከፍታውን በተሻለ ይቋቋማል፤ የማርሹ ክብደት ግን ለሁሉም ያው ነው።

ቀጥሎ የጭነት አቅም አለ። ስለ ጎማ ስናወራ እዚህ ላይ ቸል ስንል ስለማይ ያሳስበኛል። ጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ። ቁጥሩ አንድ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት የሚገልጽ ኮድ ነው። 102 ማለት 850 ኪሎ ነው። 106 ማለት 950 ኪሎ። 109 ማለት 1,030 ኪሎ። 112 ማለት 1,120 ኪሎ። የኛ ኦሪጅናል ጎማ መጠኑ መጨረሻ ላይ ሲ የሚል ፊደል ያለበት የጭነት ዓይነት ነው፣ ኮዱም 106 ነው። ገበያ ላይ ያየሁት 225/75 አር 15 ግን 102 ይል ነበር። ጎማው ከኛው ረጅም ነው፣ ሰፊም ነው፣ ሲያዩት ያስፈራል። የሚሸከመው ግን በእያንዳንዱ 100 ኪሎ ያንሳል። ለቤት መኪናና ለቀላል ጂፕ የተሠራ ነው። ከኋላ ሁለቱን ስትደምሩ 200 ኪሎ አጥታችኋል። አቮካዶ የሚጭን መኪና ላይ 200 ኪሎ ቀልድ አይደለም።

ይህ የሚያመጣው አደጋ ወዲያው አይታይም። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል። ሙቀቱ ውስጡን ይለያየዋል። ከዚያ አንድ ቀን በቀትር፣ አስፋልት ላይ፣ በፍጥነት እየሄደ ሳለ ይፈነዳል። ከይርጋለም ወደ ሀዋሳ ያለው መንገድ ላይ ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን አለ። ስለዚህ ጎማ ስትገዙ ከመጠኑ በፊት ይህን ኮድ ጠይቁ። ከበሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወይም ከኦሪጅናሉ ጎማ ያነሰ ከሆነ ቢያምርም ተዉት። ኮዱ የሚለውን ክብደት የሚሸከመው ደግሞ ለጭነት የተመደበለትን አየር ሲይዝ መሆኑን አትርሱ።

ያገለገለ ጎማ ከሆነ ዕድሜውንም እዩ። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካለ ዋጋው ቢረክስም አልገዛውም።

ፍሬንን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ትልቅ ጎማ ከባድ ነው፤ የከበደ ነገር ሲሽከረከር ለማቆም ይከብዳል። የፍሬን ሸራው ቶሎ ያልቃል። ከዚህ ይልቅ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላ፣ ሻንሲው ላይ የተገጠመ የፍሬን ቫልቭ አለ። ቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ያገናኘዋል። ካሶኒው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይወርዳል። ቫልቩ ይህን አይቶ ለኋላ ጎማ ተጨማሪ ፍሬን ይሰጣል። ባዶ ሲሆን ይቀንሳል፣ የኋላው እንዳይንሸራተት። ባሌስትራ ጨምራችሁ መኪናውን ስታስነሱ ቫልቩ መኪናው ባዶ እንደሆነ ያስባል። እናንተ ጭናችኋል፣ እሱ ግን የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ዘንጉ እንደገና ካልተስተካከለ አደጋ ነው። ጎማ ብቻ ሲቀየር በሻንሲውና በአክስሉ መሃል ያለው ርቀት አይለወጥም። ፋብሪካ የሰጠውን ቁመት ሳልነካ በጎማ ብቻ መሥራትን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በመጨረሻ ያስገባነው 225/70 አር 15 ሲ ነው። ጥርሱ ኤ/ቲ የሚባለው፣ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆነው። ቁመቱ 696 ሚሊ ሜትር ነው። ዲፈረንሻሉን ያነሳው 1.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ወንድሜ ሲሰማ ፊቱን አዞረ። "ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ልፋት?" አለኝ። ልክ ነው፣ በቁመት ትንሽ ነው። ግን የጭነት ኮዱ 112 ነው። ከድሮው በእያንዳንዱ ጎማ 170 ኪሎ ይበልጣል። መኪናው ከፋብሪካ ከተፈቀደለት በላይ ይጭናል ማለት አይደለም፤ ባሌስትራውና ፍሬኑ ያው ናቸው። ጎማው ግን አይጨነቅም፣ አይሞቅም። 6 ኢንች ቸርኬያችን ላይ በሥርዓቱ ገብቷል። መሪ ጨርሶ፣ ጭኖ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ምንም አይነካም። ማርሹ የከበደው 4 በመቶ ያህል ነው፤ ዳገት ላይ ብዙም አይሰማም።

ፍጥነት ጠቋሚውም ብዙ አልተዛባም። ጎማ ሲያድግ ጠቋሚው ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል። ፋብሪካዎች ደግሞ ጠቋሚውን ሲሠሩ ከእውነቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ነው የሚያደርጉት። እኛ የጨመርነው 4 በመቶ ከዚያ ጋር ተካካሰ። በስልክ ጂፒኤስ ስናስተያየው ተቀራራቢ ነው። ባለ 31ዱ ቢሆን ከሞጆ ወደ ባቱ በክፍያው መንገድ ጠቋሚው 100 ሲል መኪናው ወደ 113 ይጠጋ ነበር። ጎማ ያሳደገ ሰው የናፍጣ ፍጆታውንም በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሲያሰላ ይህን ያስተካክል። አለበለዚያ ቆጣሪው አሳንሶ ስለሚቆጥር መኪናው ከእውነቱ በላይ የሚበላ ይመስለዋል።

ጭቃው ላይስ? እዚህ ላይ ሥራውን የሠራው ጥርሱ ነው። የድሮው ጎማ ቀጥ ያለ ጥርስ የነበረው የአስፋልት ጎማ ነው። ቀይ አፈሩ አንዴ ከሞላበት አይለቅም ነበር። የኤ/ቲው ጥርስ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል። ኤም/ቲ የሚባለው የጭቃ ጎማ ከዚህም ይበልጥ ይተፋል። ግን አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ይበላል፣ ዝናብ በዘነበ ቀን ፍሬን ላይ አያስተማምንም። ከመንገዳችን አብዛኛው አስፋልት ስለሆነ ለኛ አይሆንም። ስለ ስፋትም ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ሰፊ ጎማ ለአሸዋ ጥሩ ነው፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የኛ ጭቃ ግን ሥሩ ጠንካራ ነው። ጠበብ ያለ ጎማ ላዩን ሰንጥቆ ወደ ጠንካራው ይደርሳል። ከ225 በላይ ያልሄድኩት ለዚህም ነው።

ሌላው አየር ነው። ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ መሣሪያ ነው። ባዶውን ገብተን ጭቃ ከጠበቀን አየሩን ከ35 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) እናወርዳለን። ጎማው መሬት ላይ የሚያርፍበት ርዝመት ይጨምራል፣ ጥርሱም ይከፈታል። ልዩነቱን የሞከረው ያውቀዋል። ግን ጭኖ አየር መቀነስ አይቻልም፤ አስፋልት ሳይወጣም ተመልሶ መሞላት አለበት። ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር መኪና ውስጥ መያዝ የግድ ነው።

ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀላል ነው። ክብደቱ ፊት፣ ሞተሩ ጋ ነው። የሚነዳው ጎማ ደግሞ ኋላ ነው። ስለዚህ ባዶ ስንገባ የአሸዋ ጆንያ ከኋላ አክስሉ ልክ በላይ አስረን እንጭናለን። ምርት ስንጭን እናራግፈዋለን። አንዱ ጎማ ባዶ ሲሽከረከር ሌላው ዝም ካለ ደግሞ ነዳጅ መርገጥ ዋጋ የለውም። ተራ ዲፈረንሻል ኃይሉን የሚያባክነው ቀላል በሆነለት በኩል ነው። የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ሳብ ማድረግ የሚሽከረከረውን ይይዘዋል፣ ኃይሉም ከፊሉ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሁልጊዜ አይሠራም። ሲሠራ ግን አካፋ ያስቀራል።

ስኮርታውን፣ መጠባበቂያ ጎማውን፣ አትርሱ። አምስተኛውም ያው መጠን መሆን አለበት። ኋላ ላይ አንዱ 696 ሌላው 668 ሆነው ብዙ ከተሄደ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቀጥታ መንገድ ላይም ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ይሞቃሉ፣ ይበላሉ። የኛ የድሮ ስኮርታ ለፊት ብቻ እንዲሆን ተስማምተን ነበር የጀመርነው፤ ቆይቶ አምስተኛውን ገዛን። ካሶኒ ሥር ባለው ማንጠልጠያ በትክክል ገብቷል። 235 ቢሆን ጭስ ማውጫው ጋ ይጠጋ ነበር፣ ለክተን አይተናል።

ወንድሜ አሁንም የባለ 31ዱን ምኞት አልተወም። እኔ ደግሞ ቀጣዩ ገንዘብ ወደ ዲፈረንሻሉ መሄድ አለበት ብዬ እከራከረዋለሁ። አንዱ ጎማ ሲሽከረከር ሌላውንም ይዞ የሚገፋ ዓይነት ዲፈረንሻል አለ፤ ከፋብሪካ የተገጠመላቸው ፒክአፖችም አሉ። ያገለገለ ግን ደህና፣ የኛን ኮሮናና ፒኞን (የዲፈረንሻሉን ሁለት ዋና ጥርሶች) ቁጥር የያዘ ካገኘን እናስገባለን። ለመካኒካችን ነግረነዋል፣ እሱም ሻሸመኔ እየጠየቀልን ነው።